ሞናርዳን ከቀንበጥ ማባዛት

ሞናርዳ የምትባለውን የአበባ ተክል የተከለ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካላችሁ ዘር ፍለጋ አትንከራተቱ። አንድ ስንዝር የማትሞላ ለጋ ቀንበጥ ለምኑት። በአግባቡ ከያዛችኋት ከአንድ ወር በኋላ የራሳችሁ ችግኝ ይኖራችኋል። ቢ ባልም ሲባል የምትሰሙትም ይህችኑ ተክል ነው። የናና፣ የበሶብላና የጦስኝ ዘመድ ናት፤ ይሄ ደግሞ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው፣ ምክንያቱም የዚህ ቤተሰብ ተክሎች ብዙዎቹ ከተቆረጠ ቀንበጥ ቶሎ ሥር ያወጣሉ።

ዝምድናዋን በእጃችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ግንዷን በሁለት ጣት መሀል ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አሽከርክሩት፤ ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን መሆኑ ይሰማችኋል። ቅጠሎቿ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ፊት ለፊት ይወጣሉ፣ ቀጣዩ ጥንድ ደግሞ ከታችኛው ጋር መስቀል ይሠራል። ቅጠሉን ስታሹት የሚወጣው ጠንካራ ሽታ ጦስኝን ያስታውሳል። በሁለቱም ውስጥ ቲሞል የሚባለው ዘይት አለ።

የትውልድ አገሯ ሰሜን አሜሪካ ነው። በየጓሮው በብዛት የሚታዩት ሁለት ዓይነቶች ናቸው፦ ደማቅ ቀይ የምታብበው ሞናርዳ ዲዲማ እና ወደ ሐምራዊ የምታደላው ሞናርዳ ፊስቱሎሳ። ስም ወጥቶላቸው የሚሸጡት አብዛኞቹ የጓሮ ዝርያዎችም ከነዚህ ከሁለቱ ወይም ከድቅላቸው የመጡ ናቸው። እዚህ የምጽፈው ለሁሉም ይሠራል። ብቻ ሞናርዳ ሲትሪዮዶራ የምትባለው፣ የሎሚ ሽታ ያላት፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወቅት አብባ ዘሯን ጥላ የምትሞት ስለሆነች እሷን ከዘር ማብቀሉ ይሻላል።

ሌሎቹንስ ከዘር ማብቀል አይቻልም ወይ? ይቻላል። ችግሩ የጓሮ ሞናርዳዎች አብዛኞቹ ድቅል መሆናቸው ነው፣ ልጆቻቸው እናታቸውን አይመስሉም። ደማቅ ቀዩን አይታችሁ የወሰዳችሁት ዘር የደበዘዘ ሮዝ ሊያወጣላችሁ ይችላል። ቀንበጥ ግን የእናቲቱ ግልባጭ ናት። ቀለሙ ያው፣ ቁመቱ ያው፣ በሽታ የመቋቋም አቅሙም ያው። ሌላው መንገድ ያረጀውን ተክል ቆፍሮ ሥሩን መክፈል ነው፤ እውነቱን ለመናገር የራሳችሁ ትልቅ ተክል ካላችሁ ከሁሉም የሚፈጥነው እሱ ነው። ግን አይታችሁ የወደዳችሁት ሞናርዳ አብዛኛውን ጊዜ የሰው ነው፣ ሰው ደግሞ ጓሮውን አያስቆፍርም። ሁለት ሦስት ቀንበጥ ልቁረጥ ብትሉ ግን ማንም አይከለክልም። እናቲቱም አትጎዳም፣ እንዲያውም ከተቆረጠችበት በታች ሁለት አዲስ ቅርንጫፍ ታወጣለች።

አንድ ነገር ብቻ፦ የባለቤትነት መብት የተመዘገበላቸው ዝርያዎች አሉ። ስትገዙ አብሯት የመጣው መለያ ላይ ማባዛት ክልክል ነው የሚል ካለ አክብሩት፤ ነፃ የሆኑ የሚያማምሩ ዝርያዎች ሞልተዋል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት የነገሩን ሥር እንያዝ። የተቆረጠች ቀንበጥ ዋና ጭንቋ ውኃ ነው። ሥር የላትም፣ ቅጠሎቿ ግን ውኃ ማትነናቸውን አያቆሙም። ከታች የሚገባላት ጥቂት፣ ከላይ የሚወጣባት ብዙ። እርጥበት ቢያንሳት ትደርቃለች፣ ቢበዛባት ደግሞ የተቆረጠው ጫፍ ይበሰብሳል። እኛ የምንሠራው ሁሉ፣ ቅጠል መቀነሱ፣ ፌስታል ማልበሱ፣ አፈር መምረጡ፣ ከፀሐይ ማራቁ፣ ሥር እስክታወጣ ድረስ ከነዚህ ከሁለቱ ማትረፍ ነው። ይሄ ከገባችሁ ዝርዝሩን ብትረሱት እንኳ ቀንበጧን አይታችሁ ምን እንደጎደላት ትለያላችሁ።

እናቲቱን መምረጥ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ብዙ ሰው ስለ አፈርና ስለ ሥር ማብቀያ ሆርሞን ይጨነቃል፣ ቀንበጡን ግን ካገኘበት ይቆርጣል። የታመመች እናት የታመመ ልጅ ነው የምትሰጣችሁ።

የሞናርዳ ትልቁ ጠላት ቅጠሏ ላይ የሚወጣው ነጭ ሻጋታ ነው፣ ዱቄት የተነሰነሰባት ትመስላለች። አንዳንድ ዝርያ በቀላሉ ይያዛል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጎረቤቶቹ ሁሉ ነጥተው እሱ አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል። ለምሳሌ ካምብሪጅ ስካርሌት የሚባለው የቆየ ቀይ ዝርያ ለዚህ ሻጋታ የተጋለጠ ነው፣ ጃኮብ ክላይን የሚባለው ቀይ ግን በመቋቋም ይታወቃል። የዝርያውን ስም ባታውቁም ግድ የለም። አበባዋ አልቆ ወደ ማርጀቱ ስትቃረብ ሄዳችሁ የታች ቅጠሎቿን እዩ። ያኔ ንጹሕ ሆና የቆየችውን ልብ በሉ፣ በቀጣዩ ወቅት ቀንበጥ የምትወስዱት ከእሷ ነው።

በምትቆርጡበት ቀንም ቅጠሉን ገልብጣችሁ ከሥር በኩል እዩት። ትናንሽ ነፍሳት፣ የዝገት ቀለም ያላቸው ነጠብጣቦች፣ የተጠቀለለ ጫፍ ካለ እለፏት። ወፍራም ከሆነችውም መካከለኛዋን ምረጡ፤ ማዳበሪያ በዝቶላት እንደ ጉድ የተመዘዘች ቀንበጥ ውኃ ብቻ ናት፣ ቶሎ ትበሰብሳለች።

መቼ ይቆረጣል?

ወር አልነግራችሁም። የሁሉም ሰው አየር የተለያየ ነው፣ ቀን መቁጠሪያ ደግሞ ተክሉን አያውቀውም። የሚነግራችሁ ግንዱ ነው።

ሞናርዳ ከመሬት አዲስ ቡቃያ አውጥታ ቁመቷ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ፣ እንቡጥ ሳይታይባት፣ ያኔ ነው ጊዜው። አንዷን ቀንበጥ ከጫፏ በታች ይዛችሁ እጠፏት። እንደ ሣር ዝም ብላ ከተለመጠች ገና ናት፣ ጥቂት ቀን ጠብቁ። ቀጭ ብላ ከተሰበረች ደርሳለች። አልታጠፍ ብላ እንጨት እንጨት ካለች ወይም ስትቆርጧት መሀሏ ባዶ ቱቦ ከሆነ አልፎባታል። ሞናርዳ ስታድግ ግንዷ ከታች በኩል ክፍት እየሆነ ይሄዳል፤ በዚያ ክፍተት ውኃ ገብቶ ይቆማል፣ ከዚያ መበስበስ ይጀምራል። ስለዚህ መሀሉ የሞላውን የላይኛውን ለጋ ክፍል ብቻ ነው የምንፈልገው።

እንቡጥስ ከያዘች? የያዘችው ኃይል ወደ አበባ ስለሚሄድ ሥር ለማውጣት ትሰንፋለች። አማራጭ ካላችሁ በጎን የወጡ እንቡጥ የሌላቸውን ፈልጉ። ከሌለ ደግሞ ሁሉም አብቦ እስኪያልቅ ታገሡና እናቲቱን ወደ ታች አሳጥራችሁ ቁረጧት። ከሥሯ ትኩስ ቡቃያ ታወጣለች፣ ከእሱ መውሰድ ይቻላል። ክረምቱ ውርጭ ያለበት ቦታ ከሆናችሁ ግን ይሄኛው ዙር ሊዘገይባችሁ ስለሚችል የመጀመሪያው ዕድል እንዳያመልጣችሁ።

ከቀኑ ደግሞ ማለዳ ይመረጣል። ሌሊቱን ውኃ ስለጠጣች ግንዷ ሞልቶ ይገኛል። አየሩ ደረቅ ከሆነ ዋዜማውን እናቲቱን በደንብ አጠጧት። እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ ላይ ቆማ፣ ቅጠሏ ዘንበል ካለች ቀንበጥ ምንም አትጠብቁ።

ምን ያስፈልጋል?

ብዙ ነገር አያስፈልግም። ስለታም መቀስ ወይም ምላጭ፣ በአልኮል የተጠረገ። የደነዘዘ መቀስ ግንዱን ስለሚጨፈልቀው የተጨፈለቀው ቦታ ውኃ አይስብም፣ ቶሎም ይጠቁራል። ከታች ቀዳዳ ያለው ትንሽ መትከያ፣ አንድ ክንድ ወደ ታች የሚገባ ጥልቅ ዕቃ አያስፈልግም፣ 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ከሆነ ይበቃል። ከዚህ በፊት ሌላ ተክል የነበረበት ከሆነ በሳሙና እጠቡት፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጣችሁ ለ10 ደቂቃ ያህል ዘፍዝፉትና አለቅልቁት።

አፈሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙው ቀንበጥ የሚሞተው እዚህ ስለሆነ። የጓሮ አፈር አትጠቀሙ። ሲረጥብ ይጠቀጠቃል፣ አየር አያስገባም፣ ውስጡም ብዙ ዓይነት ፈንገስ አለ። ለም አፈር ወይም ኮምፖስትም ለጊዜው ይቅር። ሥር የሌላት ቀንበጥ ምግብ የምትበላበት አፍ የላትም፣ ለምነቱ የሚጠቅመው ሻጋታውን ነው። የሚያስፈልጋት ውኃ ይዞ የሚቆይ ግን አየር የማይከለክል ነገር ነው። ግማሽ ፐርላይት (ነጭ፣ ቀላል የድንጋይ ፍርፋሪ) ግማሽ ደግሞ ኮኮፒት (የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ) ወይም ፒት ሞስ (ከረግረግ የሚወጣ የበሰበሰ ተክል) ብትቀላቅሉ ጥሩ ነው። ፐርላይት ካላገኛችሁ ሻካራ የወንዝ አሸዋ በደንብ አጥባችሁ ተጠቀሙ፣ የባሕር አሸዋ ግን ጨው ስላለው አይሆንም። ድብልቁን ቀድማችሁ አርጥቡት። ከዚያ አንድ እፍኝ ያዙና ጨብጡት፤ አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣው ልክ ነው፣ ውኃ በጣታችሁ መሀል ከፈሰሰ በዝቷል፣ እጃችሁን ስትከፍቱ ከተበተነ ደግሞ ደርቋል።

የሥር ማብቀያ ሆርሞን ከተገኘ መልካም፣ ካልተገኘ አትጨነቁ። ተክሉ ራሱ ኦክሲን የሚባል ሆርሞን በጫፉና በለጋ ቅጠሎቹ ይሠራል። ሆርሞኑ ወደ ታች ይወርድና ስትቆርጡት መሄጃ አጥቶ ከቆረጣው ጫፍ ይጠራቀማል፣ ሥር አውጣ የሚለውም እሱ ነው። የምትገዙት ዱቄት ያንኑ የሚያጠናክር ነው። ሞናርዳ ያለ እሱም ሥር ታወጣለች። እኔ ባገኝ እጨምራለሁ፣ ስለሌለኝ ብዬ ግን ሥራውን አላቆምም።

አቆራረጡ

መጀመሪያ ሁሉንም አዘጋጁ። መትከያው ሞልቶ፣ አፈሩ ረጥቦ፣ ቀዳዳው ተበስቶ ይጠብቅ። ቀንበጧን ቆርጣችሁ አፈር ፍለጋ ከሄዳችሁ ስትመለሱ ጠውልጋ ታገኟታላችሁ። ከሩቅ የምታመጧት ከሆነ በረጠበ ጨርቅ ወይም ወረቀት ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ ክተቷት፣ ከፀሐይም አርቋት።

ከጫፏ ወደ ታች ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ለኩና ቁረጡ። አሁን ቁጭ ብላችሁ በደንብ እዩአት። ቅጠሎቹ ጥንድ ሆነው የሚወጡበት ትንሽ ያበጠ ቦታ አለ፣ አንጓ የሚባለው ነው። ሥር በብዛትና በፍጥነት የሚወጣው ከዚያ አካባቢ ነው። ስለዚህ ከታችኛው አንጓ ሥር፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብላችሁ፣ አንዴ በንጹሕ አስተካክላችሁ ቁረጡ። ከአንጓው በታች ረጅም ጭራ አታስቀሩ። ያ ጭራ ሥር ሳያወጣ ቀድሞ ይበሰብስና መበስበሱን ወደ ላይ ይልካል።

ከዚያ የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አንሱ። ወደ ታች አትጎትቱት፣ ልጡን ይዞ ይወርዳል፤ በመቀስ ወይም በጥፍር ከመብቀያው ቁረጡት። ከላይ ሁለት ወይም ሦስት ጥንድ ቅጠል ይበቃታል። የቀሩት ሰፋፊ ከሆኑ እያንዳንዱን በመሀሉ በመቀስ ቁረጡት። ቅጠል መቁረጥ ያሳዝናል፣ አውቃለሁ፣ ግን የምታድኗት በዚህ ነው፤ ውኃ የሚወጣበት ገጽ በግማሽ ይቀንሳል፣ የቀረው ደግሞ ምግብ ለመሥራት ይበቃል። ጫፉ ላይ የእንቡጥ ፍሬ የምታህል ነገር ካያችሁ ቁንጥጥ አድርጋችሁ አውጡት። እንቡጥ ከሌለ ግን ጫፉን አትንኩት፣ ሆርሞኑ የሚሠራው እዚያ ነው።

ያነሳችኋቸውን ቅጠሎች አትጣሉ። ንጹሕ ከሆኑና መድኃኒት ካልተረጨባቸው በሙቅ ውኃ ዘፍዝፋችሁ መጠጣት ይቻላል። በዛሬው ኒው ዮርክ ግዛት ኦስዌጎ አካባቢ ይኖሩ የነበሩ ነባር ሕዝቦች ይጠጡት ነበር፤ በ1773 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በቦስተን ወደብ የእንግሊዝ ሻይ ባሕር ውስጥ ከተጣለ በኋላም ሻዩን የተዉት ሰፋሪዎች ይህንኑ ቅጠል በምትኩ ይጠቀሙ ነበር።

ሆርሞን ካላችሁ ከዕቃው ጥቂት ወደ ሌላ ነገር ገልብጡ። ቀንበጧን እዚያው ዋናው ዕቃ ውስጥ ከነከራችሁ እርጥበትና በሽታ ይገባበታል። የታችኛውን 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ንከሩ፣ የተረፈውን አራግፉት፣ ሲበዛ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ቀዳዳውን በእርሳስ ወይም በእንጨት ስንጥር ቀድማችሁ ብሱት። ቀንበጧን ራሷን ገፍታችሁ ካስገባችኋት ዱቄቱ ከአፈሩ በላይ ይቀራል፣ ጫፏም ይላጣል።

ቢያንስ አንድ አንጓ፣ ቢቻል ሁለት፣ አፈር ውስጥ ይግባ። ቅጠል ግን አፈር አይንካ። ዙሪያዋን በጣት ጫን ጫን አድርጉና ትንሽ ውኃ ጨምሩ። በአንድ መትከያ ሦስት አራት ማድረግ ይቻላል፣ ቅጠሎቻቸው ካልተነካኩ። ከሚያስፈልጋችሁ በላይ ቁረጡ፤ ሁሉም አይዝም፣ ቢይዝም የምትሰጡት ሰው አይጠፋም። ከአንድ በላይ ዝርያ ካላችሁ ስማቸውን ጻፉ፣ አበባ እስኪያወጡ ድረስ አንዱን ከሌላው አትለዩትም።

አሁን ማልበስ ነው። ግልጽ የሆነ ፌስታል በቂ ነው። ሁለት ሦስት ስንጥር ሰክታችሁ ፌስታሉ ቅጠሉን እንዳይነካ አድርጉ። ወይም የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጣችሁ ድፉበት፣ ክዳኑን ስታነሱ መተንፈሻ ይሆናችኋል። ከውስጥ በኩል ስስ ጤዛ ሲይዝ ልክ ነው። ጤዛው ጠብታ ሆኖ እየወረደ ከሆነ በዝቷልና ክፈቱት። በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ገለጥ አድርጋችሁ አየር ስጧት።

ቦታዋ ብርሃን ያለበት ግን ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት ይሁን። ፌስታል ለብሳ ፀሐይ ላይ የተቀመጠች ቀንበጥ በአንድ ከሰዓት ትቀቀላለች። ጨለማ ጥግም አይሆንም። ሙቀቱ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢሆን ደስ ይላታል። ቤታችሁ ከቀዘቀዘ ከታች ሞቅ የሚል ቦታ ፈልጉላት፤ ሥር የሚያወጣው እግሯ ነውና ሙቀቱም ለእግሯ ይሁን።

በውኃ ብርጭቆስ?

ይሆናል። ናናን በውኃ ያበቀለ ሰው ሞናርዳንም ያበቅላል። አንድ ወይም ሁለት አንጓ ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ ቅጠሉ በሙሉ ከውኃ በላይ ሆኖ፣ ውኃው በየሁለት ሦስት ቀኑ ከተቀየረ ሥር ይወጣል። ሥሩን በዓይናችሁ ስታዩት ደስ ይላል፣ ለልጆች ደግሞ ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም። ግን እኔ አፈሩን እመርጣለሁ። ውኃ ውስጥ ያደገ ሥር ቀጭንና ተሰባሪ ነው፣ ወደ አፈር ሲዛወር እንደገና ይደነግጣል። በውኃ ከጀመራችሁ ሥሩ እስኪጠላለፍ አትጠብቁ፣ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ሲሆን አዛውሯት፣ የመጀመሪያውን ሳምንት አፈሩን ከወትሮው እርጥብ አድርጉላት፣ ፌስታሉንም መልሳችሁ አልብሷት።

መጠበቅ

ሥር ለማውጣት ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል። የዚህ ሥራ ከባዱ ክፍል እጅን መሰብሰብ ነው። በየቀኑ እየነቀላችሁ ካያችሁ ገና ብቅ ያለውን ነጭ ሥር ትሰብሩታላችሁ።

አዲስ ቅጠል ስታዩ ቶሎ አትደሰቱ። ግንዷ ውስጥ በተቀመጠ ምግብ ብቻ ጥንድ ቅጠል ልታወጣ ትችላለች፣ ከታች ግን ምንም የለም። የሚታመነው ምልክት ሌላ ነው። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ቅጠሏን ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ሳብ አድርጉ። ተስባ ከመጣች አልያዘችም፣ መልሳችሁ ጫን በሏትና ተዉአት። እምቢ ካለች ይዛለች። ከመትከያው ቀዳዳ ነጭ ሥር ብቅ ካለማ ነገሩ አልቋል።

በመሀል የሚያስደነግጡ ነገሮች ይመጣሉ። በመጀመሪያው ቀን ዘንበል ብትል አትጨነቁ፣ ጫፏ ለስላሳ ስለሆነ ነው፤ ጧት ላይ ቀና ካለች ደህና ናት። በሦስተኛው ቀንም ከተኛች ግን ቅጠል በዝቶባታል ወይም አየሩ ደርቆባታል፣ አንድ ጥንድ ቅጠል ቀንሱና ፌስታሉን አጥብቁ። አንድ የታች ቅጠል ቢጫ ሆኖ መርገፉ ምንም አይደለም፣ ወዲያው አንሱት እንጂ እዚያው እንዲበሰብስ አትተዉት። ግንዷ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ከጠቆረና ስትነኩት ከለሰለሰ ግን አትድንም። እሷን አውጥታችሁ ጣሉ፣ ሌሎቹን ለማትረፍ ውኃውን ቀንሱ፣ አየሩን ጨምሩ። ጥቁረቱ ከታች ብቻ ከሆነና ላዩ ጤነኛ ከሆነ ከጤነኛው ቦታ ቆርጣችሁ በአዲስ አፈር እንደገና መሞከር ትችላላችሁ፣ አንዳንዴ ይሳካል። አፈሩ ላይ ነጭ ጸጉር የመሰለ ሻጋታ ካያችሁ ደግሞ ላዩን ጫር አድርጋችሁ አንሱና ለግማሽ ቀን ክፍቱን ተዉት።

ለብቻዋ መቆም ስትጀምር

ሥር መያዟን ካረጋገጣችሁ ፌስታሉን በአንድ ጊዜ አትግፈፉ። ለጥቂት ቀን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመራችሁ ክፈቱት። ከዚያ እያንዳንዷን ለየብቻ፣ አሁን ኮምፖስት ባለበት ደህና የችግኝ አፈር ውስጥ አዛውሩ። ስትነቅሉ ግንዷን አትጎትቱ፣ ሥሩን ከነያዘው አፈር በማንኪያ ወይም በጣት ከሥር አንሱት፣ ከያዛችኋትም በቅጠሏ ያዟት። ቅጠል ቢበጠስ ሌላ ታወጣለች፣ ግንዷ ከተቀጠፈ ግን አለቀ።

ማዳበሪያ አሁን ትንሽ፣ ከተጻፈው መጠን ግማሹን፣ መስጠት ይቻላል። አዲስ ጥንድ ቅጠሎች አውጥታ ከፍ ማለት ስትጀምር ጫፏን ከአንድ ጥንድ ቅጠል በላይ ቁንጥጥ አድርጉት። አንድ ረጅም ዘንግ ከመሆን ሁለት ቅርንጫፍ ይዛ ሞላ ትላለች። ይሄን የሚዘሉ ብዙ ናቸው፣ አትዝለሉት።

ወደ ውጭ ስታወጧት ከ7 እስከ 10 ቀን አለማምዷት። መጀመሪያ ጥላ ሥር አንድ ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ የጧት ፀሐይ፣ ከዚያ ሙሉ ቀን፣ ከዚያ ሌሊቱንም ጭምር። ቤት ውስጥ ያደገ ቅጠል ስስ ነው፣ ድንገት ፀሐይና ነፋስ ላይ ካወጣችሁት ይነጣል፣ ይቃጠላል።

ቋሚ ቦታዋ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቢሆን ጥሩ ነው። ፀሐዩ በጣም በሚያቃጥልበት አገር የከሰዓት ጥላ ብትሰጧት ታመሰግናችኋለች። አንዷን ከሌላዋ ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር አራርቁ። ትናንሽ ችግኞችን እንደዚህ አራርቆ መትከል መሬት ማባከን ይመስላል፣ ግን ሞናርዳ ከመሬት በታች እየተሳበች ትሰፋለች፣ ክፍተቱ በራሱ ይሞላል። መሀላቸው አየር ካላለፈ ያ ነጭ ሻጋታ ይመጣል። ለዚሁ ሲባል ውኃውን ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ሥሩ ላይ አፍሱ፣ ጧት ብታጠጡ ደግሞ ይመረጣል። አፈሩ ጨርሶ እንዳይደርቅም ጠብቁ። ሞናርዳ ውኃ የማይቆምበት ግን እርጥበት የማይጠፋበት መሬት ነው የምትወደው፣ ስትጠማ ደግሞ ለሻጋታው የበለጠ ትጋለጣለች።

የመጀመሪያው ዓመት አበባ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ቀድሞ የሚመጣውን እንቡጥ ቆርጦ መጣሉ ሥሯን ያጠነክርላታል፣ ልባችሁ ካልቻለ ግን አንዱን ተዉት። ውርጭ ባለበት አገር ያላችሁ ሰዎች ከባዱ ብርድ ከመግባቱ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቀድማችሁ መሬት ውስጥ አስገቧት፣ ሥሯ አፈሩን የሚይዝበት ጊዜ ይፈልጋል። ብርዱ ሲመጣ ላይኛው ክፍል ደርቆ ሲወድቅ ሞተች ብላችሁ እንዳትነቅሏት፣ ከሥሯ ትመለሳለች።

ሁለት ሦስት ዓመት ሲሆናት መሀሏ እየሳሳ፣ ዳር ዳሯ ብቻ እየለመለመ ይሄዳል። ያኔ ቆፍራችሁ አውጧት፣ የሞተውን መሀል ጣሉት፣ ከዳር ያለውን ጤነኛ ሥር ከፋፍላችሁ መልሳችሁ ትከሉ። ቀንበጥም መውሰድ ከፈለጋችሁ በዚያው ወቅት ከዳሩ ከወጣው አዲስ ቡቃያ ውሰዱ።